«አባይ ማደሪያ የለው» ሰውኛ ነው ወይስ ተለዋጭ? የ41 መልሶች ወግ

እዚህ መድረካችን ላይ በአንድ የአማርኛ ፈተና ጥያቄ የተነሳው የውይይት ክር ረዝሟል። ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ያጣችሁ ብዙ ናችሁ። ማን ምን እንዳለ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝም አላችሁ። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ እየጠራሁ ላውጋችሁ። ፍሬ ያለበት ላይ እቆያለሁ፣ የተደጋገመውን እዘላለሁ፣ የማልስማማበት ቦታ ላይም ዝም ብዬ አላልፍም።

ነገሩን ያነሳችው እዚሁ ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ የምትኖር እናት ናት። ልጇ 11ኛ ክፍል ነው። በአማርኛ ፈተና ላይ «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረትና ምሳሌ ቀረበ። ዘይቤው የትኛው ነው ይላል ጥያቄው። ምርጫዎቹ አነጻጻሪ፣ ተለዋጭ፣ ሰውኛ እና ግነት ናቸው። ልጁ ሰውኛን ከበበ። ኤክስ ተደርጎበት ተመለሰ፤ ትክክለኛው መልስ ተለዋጭ ነው ተባለ። እናትየዋን ያንገበገባት የአንድ ነጥብ ነገር አይደለም። ልጁ ምክንያቱን ሲጠይቅ የመልስ ቁልፉ እንደዚያ ስለሚል ነው ተብሎ መሸኘቱ ነው። እኛን የጠየቀችን ቀላል ነገር ነው። ወንዝ ቤት አጥቶ እንጨት ተሸክሞ ሲዞር፣ ሰው ካልሆነ ምን ሆኖ ነው?

መልስ 1 ጨዋ ነበር። ጸሐፊው አመስግኗት የአራቱን ዘይቤዎች ትርጉም አስቀመጠ። አነጻጻሪ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «እንደ»፣ «ይመስላል»፣ «ያህላል» በሚሉ ቃላት ያገናኛል። ተለዋጭ ማገናኛውን ጥሎ አንዱ ነገር ራሱ ሌላው ነው ይላል። ሰውኛ ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ጠባይ ይሰጣል። ግነት ከልክ በላይ ያሳድጋል ወይም ያሳንሳል። ትርጉሞቹ ልክ ናቸው። ግን ትርጉም መሸምደድና ዘይቤን አይቶ መለየት ለየቅል እንደሆነ ከዚያ በኋላ የመጡት መልሶች አሳይተውናል። መልስ 2፣ 3 እና 4 ልጁ ልክ ነው ብለው አለፉ።

መልስ 5 ላይ ነገሩ መልክ ያዘ። የጻፉት ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። የእሳቸው ምክር መጀመሪያ የዘይቤውን ስም አትፈልጉ የሚል ነው። ዓረፍተ ነገሩን በቀጥታ ውሰዱትና እውነት መሆን የሚያቅተው የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጉ ይላሉ። ዘይቤው ያለው ስንጥቁ ያለበት ቦታ ላይ ነው። በዚህ ተረት ደግሞ ስንጥቁ ሁለት ነው። አንደኛው ውስጡ አለ፤ ወንዝ ማደሪያ አይፈልግም፣ ግንድም አስቦበት አይሸከምም። ይሄ ሰውኛ ነው። ሁለተኛው የሚታየው ተረቱ ሲነገር ነው። ማንም ሰው ስለ ወንዙ እያወራ ይህን አይተርትም። የሚተረተው በሰው ላይ ነው።

ለዚህ የሰጡት ምሳሌ ከሰፈራቸው ነው። ከኪራይ ቤት ኪራይ ቤት ሲንከራተት የኖረ ጎረቤት ነበራቸው። ሰውየው ሳሎን የሚሞላ ሶፋ ገዛ። ቤት በለቀቀ ቁጥር ሶፋው በጋሪ ይጫናል። አንድ ጊዜ አዲሱ ቤት በሩ ጠባብ ሆነና ሶፋው አልገባም አለ። ላስቲክ ለብሶ ደጅ አደረ። ጠዋት ፊታቸውን ሊታጠቡ የወጡ አንዲት የግቢው እናት ሶፋውን አይተው ይህን ተረት ተረቱ። እዚህ ላይ አባይ ተከራዩ ነው፣ ግንዱም ሶፋው ነው። ይሄ ተለዋጭ ነው። ስለዚህ ልጁም የመልስ ቁልፉም ግማሽ ግማሹን ይዘዋል። ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ተረቱን ከሚነገርበት ሁኔታ ነጥሎ አምጥቶ፣ አንድ መልስ ብቻ አለው አለ።

ከዚህ ሁሉ መልስ አንዱን ብቻ ውሰድ ብባል ይህንን ነው የምወስደው። ልጆቻችን የዘይቤ ስም እንደ ስልክ ቁጥር ሲሸመድዱ ይከርማሉ፤ ስንጥቁን ፈልጉ ያላቸው ሰው ግን የለም።

መልስ 7 ላይ ድምፁ ተቀየረ። ጸሐፊው መምህሩን «አንተ» ብሎ ነው የጀመረው። ሁሉም ነገር ሁለት ነው ከተባለ ምንም የሚያዝ ነገር አይኖርም፣ ፈተና ደግሞ መታረም አለበት ይላል። መጨረሻ ላይ «ጎበዝ መምህር!» የምትል ቃል ጣል አድርጓል። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች። መልስ 8 መምህሩ «አንተ» መባላቸው ቆርቁሮት የመልስ 7ን ጸሐፊ ገሠጸው፤ ለሐሳቡ ግን መልስ አልሰጠም። መልስ 9 መምህሩ ራሳቸው ናቸው። የአንተና የአንቱን ነገር ትተው ለሐሳቡ መለሱ። አንድ መልስ ከተፈለገ ጥያቄውን ማጥበብ ነው አሉ። በተረቱ ውስጥ ለወንዙ የተሰጠው ጠባይ ምን ዘይቤ ነው ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ወይም የሶፋውን ዓይነት ታሪክ በሁለት መስመር አስቀድሞ «አባይ» የተባለው ማን ነው፣ በየትኛው ዘይቤ ማለት ይቻላል። ያኔ ራይቱም ኤክሱም ምክንያት ይኖረዋል። የመልስ 7 ስጋት ግን የዋዛ አይደለም። ወረቀት ተቆልሎ የሚጠብቀው አስተማሪ ለእያንዳንዱ ተማሪ ችሎት ሊቀመጥ አይችልም። ጥያቄ ሲወጣ የሚጠፋ ግማሽ ሰዓት ያንን ሁሉ ጭቅጭቅ ያድናል።

መልስ 11 ከመዝሙረ ዳዊት ምሳሌ አመጣ። ተራሮች እንደ አውራ በጎች የዘለሉበትን ቦታ ጠቅሶ፣ «እንደ» ስላለ አነጻጻሪ፣ ተራራ ስለዘለለ ሰውኛ፣ ይኸው ሁለት ዘይቤ በአንድ መስመር አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። መልስ 12 ግን አንዱን ግማሽ ጣለው። መዝለል የሰው ብቻ ጠባይ አይደለም፤ እዚያ መስመር ላይ ተራራው በግ ነው የሆነው እንጂ ሰው አልሆነም አለ። ሕይወት የሌለው ነገር ሕይወት ሲያገኝ ሁሉ ሰውኛ ማለት በክፍል ውስጥ የተለመደ ስህተት ነው። መልስ 13 ይህን ተቀብሎ መለያ አስቀመጠ። የተሰጠው ጠባይ ለዶሮም ለበግም የሚሆን ከሆነ ነፍስ ተዘራበት እንበል። ማፈር፣ መማል፣ መበደር፣ ቤት ማጣት ከሆነ ሰው ሆኗል። በዚህ መለያ አባይ ይዞራል መባሉ ብቻውን አይበቃም። ማደሪያ የለውም መባሉ ነው ሰው ያደረገው። ለእናትየዋ ልጅ ይህ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ከ14 እስከ 16 የ«እንደ» ነገር ነበር። «እንደ» ባዩበት ሁሉ አነጻጻሪ ብለው ለሚከቡ ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። «እንደ ደረሰ ተኛ» ሲባል «እንደ» ጊዜን ነው የሚያሳየው። «እንደ አስተማሪ እመክርሃለሁ» ሲባል ተናጋሪው በእርግጥም አስተማሪ ነው። «እንደ ወንድሙ ረጅም ነው» ሲባል ንጽጽር አለ፣ ግን ሰው ከሰው ጋር ነው የተለካው፣ በቀጥታ። «እንደ ባሕር ዛፍ ረዘመ» ሲባል ግን ወገናቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አነጻጻሪ ዘይቤ ይሄ ነው። መልስ 16 አሪስቶትልን ጠራ። ፈላስፋው ስለ ንግግር ጥበብ ባስተማረበት ሦስተኛ መጽሐፍ፣ የግሪኩ ጀግና አኪሊስ እንደ አንበሳ ተወረወረ ከተባለ አነጻጻሪ፣ አንበሳው ተወረወረ ከተባለ ተለዋጭ እንደሚሆን ጽፏል። ልዩነታቸውም ጥቂት ነው ብሏል። ልዩነቱ ጥቂት ነው የሚለውን አምናለሁ፤ ሥራቸው ግን ይለያያል። «እንደ» ያለው ሰው ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አቁሞ ያሳየናል። «እንደ»ን የጣለ ሰው አንዱን አስወጥቶ ሌላውን ቦታው ላይ ያስቀምጣል። አንባቢው የወጣውን ራሱ መፈለግ አለበት።

መልስ 18 ብዙ ላይክ ያገኘው በምክንያት ነው። የጻፈችው አለታ ወንዶ ያደገች፣ አፏን በሲዳምኛ የፈታች ልጅ ናት። አማርኛን የለመደችው ሐዋሳ መጥታ ነው። በመጣች ሰሞን አንዲት ጎረቤት ስለ ታመመ ሕፃን ስታወራ፣ ልጁ አንጀቴን በላው አለች። ልጅቷ ደነገጠች። ሕፃን አንጀት ይበላል? ቀጥሎ ደግሞ የሌላ ሰው ልብ መውለቁን፣ የሌላው ጨጓራ መላጡን ሰማች። አብረዋት የሚማሩት ልጆች ግን ይህን ሁሉ ሲሰሙ ምንም አልመሰላቸውም። እሷ ዘይቤን መለየት የተማረችው በክፍል አይደለም፤ ሁሉም የሚያልፈው ነገር እሷን ስለሚያስቆማት ነው። የዘይቤ ፈተና ሲመጣ ታዲያ ከአፍ መፍቻ ተናጋሪዎቹ ትበልጥ ነበር።

እኔ ይህን ሳነብ ደስ ነው ያለኝ። ቋንቋው ሁለተኛቸው የሆነ ተማሪዎች በሥነ ጽሑፍ ወደ ኋላ ይቀራሉ እየተባለ ስንት ጊዜ ይወራል። የቃላት ክምችት ላይ ሊቸገሩ ይችላሉ። ዘይቤ ላይ ግን ዓይናቸው ትኩስ ነው። የእኛ ዓይን ለምዶ ደንዝዟል።

መልስ 19 ከዚያ ተነስቶ የደነዘዝንባቸውን ዘረዘረ፤ የመርፌ ዓይን፣ የጠርሙስ አንገት፣ የወንበር እግር፣ የጦር ግንባር። መልስ 20 ይህ ነገር በሰፊው መጠናቱን አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ1980 ጆርጅ ሌኮፍ እና ማርክ ጆንሰን የተባሉ ምሁራን ተለዋጭ የገጣሚ ጌጥ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሰው የሚያስብበት መንገድ እንደሆነ ተከራክረዋል። ጊዜን እንደ ገንዘብ እናስባለን፣ ስለዚህ እናባክነዋለን፣ እንቆጥበዋለን። ክርክርን እንደ ጦርነት እናስባለን፣ ስለዚህ እናጠቃለን፣ እንከላከላለን።

መልስ 21 በዚህ ተናደደ። ቅኔ ያለው ሕዝብ ለምን ከፈረንጅ ይማራል፣ ተለዋጭ የምትሉት እኮ የእኛው ሰምና ወርቅ ነው ብሎ በኃይለ ቃል ጻፈ። ቁጣው ከፍቅር የመጣ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሁለቱን አንድ ማድረጉ ቅኔውን ያሳንሰዋል። ይህን ያለው ደግሞ ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ የተማረ ሰው ነው፣ መልስ 22።

የሱን መልስ ሙሉውን ብታነቡት ደስ ይለኛል። በአጭሩ እንዲህ ነው። በተለዋጭ አንድ ነገር በሌላ ይተካል፣ አለቀ። በሰምና ወርቅ ግን (ሰሙ ላይ ላዩ፣ ወርቁ የተሰወረው ትርጉም ነው) ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ የሚሄደው ለሰሙ እንዲስማማ ሆኖ ነው። ግሱም ተሳቢውም ለሰሙ ይመረጣል። ሰሚው እያንዳንዱን ከወርቁ ጋር ያጋጥማል። ኅብር ሲሆን ሁለቱን ትርጉም የሚሸከመው አንድ ቃል ነው። ውስጠ ወይራ ሲሆን ወርቁ ከላይ አይታይም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ብቻ ያገኘዋል። ከዚያ ወደ አባይ ተመለሰ። ተረቱ ውስጥ ሰውየው የትም አልተጠቀሰም። ስለዚህ ከቅኔ መንገዶች ጋር ካስተያየነው የሚቀርበው ለውስጠ ወይራ ነው አለ። የመልስ 5ን ሁለተኛ ስንጥቅ በሌላ በር ገብቶ አገኘው ማለት ነው። የኔታ ዘንድ ጀማሪ ተማሪ ሁለት ቤት (መስመር) ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ እያደገ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ መንገድ ተማሪው ዘይቤን የሚያውቀው ራሱ እየሠራ ነው። እኛ ት/ቤት ውስጥ የሚጎድለን ይህ ይመስለኛል። ልጅ አንድ ሰውኛ ራሱ ከጻፈ በኋላ የሌላውን ሰውኛ አያልፈውም።

መልስ 23 ኅብርን ሞከረ። ስለ ሐይቃችን ሁለት ስንኝ ገጥሞ «ዋና» የምትለዋን ቃል መጨረሻ ላይ አሳረፈ። «ና»ን አላልቶ ላነበበ ውኃ ውስጥ መዋኘት ነው፤ አጥብቆ ላነበበ የነገሩ ቁንጮ ነው። ገጣሚው በሐይቁ ላይ ዋናውን አጣሁት ሲል ዋናተኛውም ያዘነ ይመስላል፣ አፍቃሪውም። መልስ 24 ምንም አልገባኝም ብሎ መለሰ። እሱ ላይ አልፈርድም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ኅብር በጆሮ የተወለደ ጥበብ ነው፤ ስክሪን ላይ ስታነቡት አንዱ ትርጉም ብቻ ወደ አፋችሁ ይመጣል። ግጥም በዝምታ ብቻ አታንብቡ የምለው ለዚህ ነው። ድምፅ አውጥታችሁ፣ የተጠራጠራችሁትን ቃል አንዴ አጥብቃችሁ፣ አንዴ አላልታችሁ ሞክሩት።

ከ25 እስከ 29 ክሩ ሐይቅ ዳር ወርዶ ቀረ። አንዱ የሐዋሳ ሐይቅ የጥቁር ውኃን ወንዝ ተቀብሎ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ እንደሌለው አስታውሶ፣ እኛ ጋ ያለው ውኃ ማደሪያ አግኝቷል አለ። ሌላው አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ የዓሣ ዋጋ ንሯል ብሎ ጀመረና ስለ ጥብስ ተወራ። መሰረዝ እችል ነበር። ያልሰረዝኩት መልስ 27ን ስላገኘሁ ነው። ጸሐፊው ከዓሣ አጥማጆች ጋር ያደገ ነው። ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ተቆጣ ይላሉ። ሰው ሲሰምጥ ሐይቁ ሰው በላ ይላሉ። ለእነሱ ይህ ዘይቤ አይመስልም፣ ዜና ነው። መልስ 28 ደግሞ እዚያው የዓሣ አንጀት ሲለቅም የሚውለውን አባ ኮዳ የተባለ አሞራ አነሳ። አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለውን ከረጢት ያየ ሰው ኮዳ አለው፣ ራሰ በራነቱንና ቀስ ብሎ መራመዱን ያየ ደግሞ «አባ» ብሎ አከበረው ይላል ግምቱ። ግምቱ ደስ ይላል። አንድ የአሞራ ስም ውስጥ ተለዋጭም ሰውኛም ሊገጥሙ ይችላሉ ማለት ነው።

መልስ 30 ሰዎቹን ወደ ጉዳዩ ሲመልስ ጠብ ተነሳ። ያዙልኝ ያልኳችሁ ቃል እዚህ ጋ መጣች። መልስ 31 ያ የመልስ 7 «ጎበዝ መምህር!» አድናቆት መስሎት፣ የመልስ 7ን ጸሐፊ ለመልካም ቃሉ አመሰገነ። መልስ 32 ያ እኮ ምፀት ነው፣ ሽማግሌውን ሲያላግጥባቸው ነው ብሎ ጮኸ። መልስ 33 ስድብ ስለነበረበት ከፊሉን አንስቻለሁ። መልስ 34 ግን ከጠቡ ውስጥ ትምህርት አወጣ። ልጅ ጀበና ሲሰብር እናት «ጎሽ! አበጀህ!» ስትለው ልጁ ምስጋና አይመስለውም። ፊቷን ያያል፣ ድምፅዋን ይሰማል፣ የጀበናው ስባሪም መሬት ላይ አለ። ጽሑፍ ላይ ፊትም ድምፅም የለም። የሚቀረን ስባሪው ብቻ ነው፣ ማለትም በዙሪያው ያለው ነገር። መልስ 7ን ከላይ ጀምሮ ያነበበ ሰው ምስጋና ሊመጣበት የሚችል አንድም ቦታ አያገኝም። ምፀትን በጽሑፍ የምንለየው በዚህ ነው፤ ቃሉ ያመሰግናል፣ ዙሪያው ይከሳል።

እዚያው ላይ «የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ምፀት ነው ወይስ አያዎ የሚል አጭር ክርክር ነበር። እኔ ምፀት ባይ ነኝ። አያዎ ሲሆን ሁለቱ ሐሳቦች በቃል ደረጃ ይጋጫሉ፤ እያየ የማያይ፣ ኖሮ ያልኖረ እንደሚባለው። የአባይ ልጅ መጠማት ግን ሊሆን ይችላል። የሚያንገበግበው ሊሆን የማይገባው ሆኖ መገኘቱ ነው።

መልስ 36 የመልስ 7 ጸሐፊ ነው። መምህሩን «አንቱ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ሐሳቡን ግን አልቀየረም፣ እኔም በዚህ አከብረዋለሁ። መምህሩ በ37 ይቅርታውን ተቀብለው፣ ጠባብ ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ ሦስት ናሙና ጻፉለት። አስተማሪዎች የሆናችሁ እነዚህን ናሙናዎች ኮፒ አድርጉ።

መልስ 39 ላይ እናትየዋ ተመለሰች። ነጥቡ አልተስተካከለም። ልጁ ግን የመልስ 5ን ዘዴ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ በየባጃጁ ጀርባ የተጻፈውን እያነበበ ስንጥቅ ሲፈልግ ይውላል አለች። መልስ 40 ይህን ሰምቶ አበረታታው።

መልስ 41 ከልጁ ራሱ ነው፣ በእናቱ ስልክ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ምን ዘይቤ ነው ብሎ ጠየቀ። እስካሁን ማንም ስላልመለሰለት የኔን ልንገረው። ስንጥቁ እንቁላል እግር የሌለው መሆኑ ነው። የሚሄደው ጫጩቱ ነው፤ ተረቱ ግን ትናንት በነበረው ስሙ ነው የጠራው። ስለዚህ አንድ ነገር በቀድሞ ስሙ ተተክቷል። ላይ ላዩን ስናየው ደግሞ የማይሆን ነገር ነው፤ ጊዜ ሲጨመርበት እውነት ይሆናል፣ ስለዚህ ወደ አያዎ ይጠጋል። ታጋሽ ለሆነ ሰው ሲነገርለት ደግሞ እንቁላሉ ሰውየው ይሆናል፣ እሱ ተለዋጭ ነው። ሰውኛ ለማለት የሚቸኩል ካለ መልስ 12ን ደግሞ ያንብብ። በእግር መሄድ የሰው ብቻ አይደለም።